«ሳይንስ እያለ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ወጣት እንዴት እንመልስ

በሥራ ቀናት ፊዚክስ አስተምራለሁ። እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ክፍል አለኝ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ከሁለቱም በኩል ይመጣብኛል። ወላጆች «ቲቸር፣ ልጃችንን ሳይንስ ወሰደብን፤ እባክህ አንድ በለው» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ከወጣቶች ጋር ለሚውሉ አገልጋዮች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ተቆላልፈው ነው የሚመጡት። ሳይንስ የሚለው እውነት ነው ወይ? እግዚአብሔር አለ ወይ? ይህን ተቋም ልመነው ወይ? ስለ አንዱ ጠይቆ ስለ ሌላው ሲመለስለት ሰው ይናደዳል፤ ቢናደድም አይፈረድበትም። ስለ ቅሪተ አካል የጠየቀ ልጅ ስለ ትሕትና ከተሰበከለት ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

እንግዲህ ጠይቁት። «ይህ ሐሳብ መቼ መጣብህ? ያኔ ምን ተፈጥሮ ነበር?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቻሉት። እኔ እንዳየሁት በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቴሌስኮፕም ማይክሮስኮፕም የለም። ያለው በጉባኤ መሐል ጥያቄ ስለጠየቀ ያሸማቀቀው ሰባኪ ነው። ወይም የመባው ገንዘብ የት እንደገባ አልናገር ያለ ኮሚቴ። ልጁ ሳይንስን የሚጠራው እሱን መናገር ስለሚቀለው ነው። «ተጎድቻለሁ» ከማለት «ዳርዊንን አንብቤያለሁ» ማለት ይቀላል።

ጥያቄው በእርግጥ የሳይንስ ከሆነስ? ያኔ ተዘጋጅታችሁ ቅረቡ። ጣሊያናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ጋሊሊዮ መነሳቱ አይቀርም። ታሪኩን አታሳንሱ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1633 ለፍርድ አቅርባ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳቡን አስክዳዋለች። በ1642 እስኪሞት ድረስ በቤቱ ታስሮ ኖሯል። ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የፈራጆቹን ስሕተት በይፋ ያመኑት በ1992 ነው። ይህን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ። ከዚያ ቀሪውንም ጨምሩ፦ ጋሊሊዮ በእሳት አልተቃጠለም፤ እስከ ሞቱም ካቶሊክ ነበር። ከእሱ በፊት በ1543 መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ መጽሐፍ ያሳተመው ኮፐርኒከስ ደግሞ የካቴድራል አገልጋይ ነበር። መጽሐፉንም ያበረከተው ለዘመኑ ፖፕ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምነግራቸው የዦርዥ ለሜትርን ታሪክ ነው። ለሜትር ቤልጅየማዊ ካቶሊክ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ በ1927 ጻፈ። በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ እጅግ ከታመቀ መነሻ እንደጀመረ ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ማለት ነው። አንስታይን ሳይቀር መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን አልተቀበለውም ነበር። ተማሪዎቼ ቢግ ባንግን ያመጣው ቄስ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። «አያችሁ፣ ሳይንስ ዘፍጥረትን አረጋገጠ!» ለማለት አፋችሁን ይበላችሁ ይሆናል። ፖፕ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር ወደዚያ አዘንብለው ነበር። ደስ ያላለው ማን ነበር? ራሱ ለሜትር። ንድፈ ሐሳቡ በሃይማኖት ጉዳይ ከዚህም ከዚያም እንዳልሆነ ያምን ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። እምነታችሁን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ላይ ካሰራችሁት ንድፈ ሐሳቡ በተሻሻለ ቁጥር እምነታችሁም ይንገዳገዳል።

የዚህ ሌላው መልክ ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ቦታ እየፈለጉ «እዚህ ጋ እግዚአብሔር አለ» ማለት ነው። ኒውተን የፕላኔቶች ምሕዋር በጊዜ ብዛት ስለሚዛባ ፈጣሪ እየገባ ያስተካክለዋል ብሎ አስቦ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ኒውተንን ያሳሰበውን መዛባት በሒሳብ አስረዳው። የኒውተን እምነት በዚህ አልፈረሰም፤ ያ ማስረጃ ግን ፈረሰ። አማኝ ለእግዚአብሔር ቦታ የሚሰጠው በማናውቀው ብቻ ከሆነ፣ አንድ ነገር በታወቀ ቁጥር ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። የሚታወቀውም የእሱ ነው ብሎ መጀመር ይሻላል።

ዝግመተ ለውጥ ከሁሉም ይከብዳል፤ የአዳምና የሔዋን ነገር ይነሳላ። አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ማስረጃውን ራሱን አሳያለሁ፦ ቅሪተ አካሉን፣ ዲኤንኤውን። «ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» እያልኩ አላጣጥልም፤ በሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ግምት አይደለም። ቀጥዬ በዚሁ ሙያ የሠሩ አማኞችን እጠራለሁ። ዶብዣንስኪ ከዘመናዊው የዝግመተ ለውጥ ሳይንስ መሥራቾች አንዱ ሲሆን ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነበር። የሰውን ሙሉ ዲኤንኤ ለማንበብ የተጀመረውንና በ2003 የተጠናቀቀውን የሰው ጂኖም ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ክርስትናውን አይደብቅም። እነዚህ ሰዎች ማመናቸው ምንም አያረጋግጥም። ወጣቱ ግን ዛሬውኑ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል እንደማይገደድ ያይበታል። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስም በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክርስቲያኖችን አስጠንቅቆ ነበር። ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት የማይሆን ነገር ከተናገራችሁ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ስለ ትንሣኤ ስትነግሩትስ እንዴት ያምናችኋል? የሐሳቡ ጭብጥ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ሳይንስ ቤተ ክርስቲያንን ባዶ አስቀራት» የሚለውን ከሁለቱም ወገን ትሰማላችሁ፤ አንዱ ደስ ብሎት፣ ሌላው አዝኖ። ቁጥሮቹን አብራችሁ ተመልከቱ። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ የተባለ ድርጅት እንደሚለው በአሜሪካ የቤተ ክርስቲያን፣ የምኩራብ ወይም የመስጊድ አባል የሆነው ሕዝብ በ1937 73 በመቶ ነበር። በ1999ም 70 በመቶ ነበር። በመካከሉ አንቲባዮቲክ መጣ፣ የዲኤንኤ ቅርጽ ታወቀ፣ ሰው ጨረቃን ረገጠ። ያ ሁሉ ሲሆን አባልነቱ ብዙም አልተነቃነቀም። በ2020 ግን 47 በመቶ ደረሰ። ጥፋቱ የሳይንስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁልቁለቱ ቀደም ብሎ በጀመረ ነበር።

ታዲያ ምንድን ነው? አንድ መልስ የለውም። ትምህርት ቤቱ፣ ሕክምናው፣ የድኻ ድጎማው በብዙ አገር ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት ዞሯል። እሑድ ሌላ ሥራና ሌላ ጨዋታ መጣ። ከምንም በላይ ደግሞ ወላጆች ለልጆቻቸው አላስተላለፉም፤ አሮጌው ትውልድ ሲያልፍ የሚተካው ቀነሰ። በእንግሊዝና ዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው በ2011 59.3 በመቶ ነበር፤ በ2021 46.2 በመቶ ሆነ። ሳይንስም እጁ የለበትም አልልም። ልጁ ሲታመም መጀመሪያ ወደ ሐኪም የሚሮጥ ወላጅ ቄሱን የሚፈልግበት ጊዜ ያንሳል።

የተቋሙ የራሱ ጥፋትም አለ፤ እሱን መዝለል ክብረ ነክ ነው። በጀርመን በ2018 የወጣው ጥናት ከ1946 እስከ 2014 ድረስ በካቶሊክ አገልጋዮች ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው 3,677 ልጆችን መዝግቧል። በ2022 ከዚያች ቤተ ክርስቲያን በይፋ የወጡት ከ520,000 በላይ ናቸው። እርግጥ እዚያ አባል ከገቢ ግብሩ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላል፤ ለኪሱ ብሎ የወጣም አይጠፋም። ግን እነዚህን ሰዎች ያስወጣቸው ዳርዊን ነው የሚል ካለ ቀልድ ነው።

ስለዚህ ልጁ ቂሙ ከተቋሙ ጋር ከሆነ ጠበቃ አትሁኑ። «የትም ያለ ነው» አትበሉት። «ሰውን አትይ፣ እግዚአብሔርን እይ» የሚለውም ለተጎዳ ሰው «ዝም በል» ማለት ነው። የሆነው ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው በሉ። ሒሳብ የሚጠየቅ ከሆነ ሒሳቡን አምጡለት፤ ካልቻላችሁ እሱን ወክላችሁ ጠይቁ።

በቴሌግራም የምትልኩለትን ነገርም አጣሩ። ዳርዊን በሞት አልጋው ላይ ተጸጸተ የሚለው ልጆቹ ያስተባበሉት ወሬ ነው። ናሳ ኢያሱ ፀሐይን ያቆመባትን «የጠፋች ቀን» በኮምፒውተር አገኘ የሚለውም ፈጠራ ነው። ትንሹ አንስታይን ፕሮፌሰሩን ስለ እግዚአብሔር ሲረታ የሚያሳየውን ተረትማ ስንቴ እንደተላከልኝ! ልጁ በሁለት ደቂቃ ጉግል አድርጎ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትነግሩትም አይሰማም። በሌላው ወገንም እንዲሁ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የተማሩ ክርስቲያኖች መሬት ጠፍጣፋ ናት ይሉ ነበር የሚለው ሐሰት ነው። እሱ ይህን ካመጣ በትሕትና አርሙት።

በጉባኤያችሁ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የባዮሎጂ መምህር ካለ አንድ እሑድ ስጡት። ስለ ሥራው ይናገር። ምስክርነት እንዲሰጥ አታስገድዱት፣ መጨረሻ ላይም የስብከት ማጠቃለያ አትጨምሩበት። ለጥያቄ ግን ሰፊ ሰዓት ተዉ፤ ጥያቄውን ወጣቶቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ቢያቀርቡ ይሻላል። የሚያፍረው ልጅ እዚያ ላይ ይናገራል።

የማታውቁት ከመጣም «አላውቅም፣ ሐሙስ ማታ አብረን እናንብበው» በሉ። ሐሙስ ደግሞ አትቅሩ።