ከገና ቅርጫ ቋንጣ እንዴት ይዘጋጃል?

ለገና ቅርጫ የገባ ቤተሰብ በአንድና በሁለት ቀን የማይጨርሰው ሥጋ ይደርሰዋል። ማቀዝቀዣ ለሌለው፣ መብራትም ለሚጠፋበት ቤት ቋንጣ ትልቅ መፍትሔ ነው። ወቅቱም ይረዳል፤ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር አየሩ ደረቅ ነው። በክረምት ግን ባትሞክሩት ይሻላል፤ ሥጋው ሳይደርቅ ይሻግታል።

ከታፋ ወይም ከሽንጥ ቀይ ሥጋ ምረጡ። ጮማውንና ጅማቱን አንድ በአንድ አውጡ። ስብ እንደ ቀይ ሥጋ አይደርቅም፤ ሲሰነብት ጠረኑ ይለወጥና ቋንጣውን ሁሉ ያበላሻል።

ቀጥሎ ያለው መዘልዘል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቢላዋው በደንብ ይሳል። ሥጋውን እየቆረጣችሁ ጫፉ ጋ ስትደርሱ አትበጥሱት፤ አዙሩትና ከዚያው ጫፍ መልሳችሁ ቁረጡ። እንዲህ እየተመላለሳችሁ ስትዘለዝሉ አንድ ረጅም ዝልዝል ይወጣል። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። የወፈረው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ሽታውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ቀላቅላችሁ በሁለቱም በኩል እሹት። ለማቆየት የሚያገለግለው ጨው ነውና እርሱን አትቀንሱ፤ በርበሬው እንደ ምርጫችሁ ነው።

በንጹሕ ገመድ ላይ ዝልዝሎቹን ሳይነካኩ ስቀሉ፤ ከሥር ትሪ አድርጉ። ነፋስ የሚገባበት ጥላ ከጠራራ ፀሐይ ይመረጣል፤ ኃይለኛ ሙቀት ላዩን ቶሎ አድርቆ የውስጡን እርጥበት ያፍነዋልና። ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ ከልሉት። በመድኃኒት የተነከረ የአልጋ አጎበር ግን ፈጽሞ አታልብሱት!

ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደርቃል። ወፍራሙን ቦታ እጠፉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተለመጠ ገና ነው። የደረሰውን በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በየሳምንቱ እያያችሁ ሻጋታ ያለበትን ዝልዝል ጠርጋችሁ ለመጠቀም ሳትሞክሩ ጣሉት።

ማድረቅ ማብሰል አይደለም፤ ስለ ኮሶ ብቻ እንኳ ቋንጣውን ሳታበስሉ አትብሉት። ሰባብራችሁ በሽንኩርትና በቅቤ ቁሌት ውስጥ በደንብ ይንተክተክ። ጨው ጠጥቷልና ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ወጡን ቅመሱት።