በዲጂታል ሪፍራክቶሜትር ስኳር ሲለካ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ለስኳር ልኬት ወደ ላቦራቶሪ የሚመጡ ናሙናዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ የማንጎና የፓፓያ ጭማቂ፣ የሸንኮራ አገዳ ውሃ፣ የጎጃም ማር፣ ብርዝ፣ ጠጅ። ዲጂታል ሪፍራክቶሜትር ባለበት ሁሉ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ፕሪዝሙ (ናሙናው የሚያርፍበት ብርሃን አሳላፊ ገጽ) ላይ ይደረጋል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቅልጥፍና ግን ያዘናጋል። የናሙናው ዝግጅት የተበላሸ ቢሆንም ቁጥሩ ከመውጣት ስለማይቀር፣ ስህተቱ ያለ ምንም ምልክት ወደ መዝገብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት የወጣውን ቁጥር በቀጥታ «የስኳር መጠን» ብሎ መመዝገብ ነው። መሣሪያው ስኳርን ከሌላው ለይቶ አያውቅም። የሚለካው ብርሃን፣ ብዙውን ጊዜ 589 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ናሙናው ፕሪዝሙን በሚነካበት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚሰበር ነው፤ ይህንንም ለንጹሕ ሱክሮስ (ለተለመደው ነጭ ስኳር) በተሠራ ሠንጠረዥ ወደ ብሪክስ ይቀይረዋል። 1 ዲግሪ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም መፍትሔ ውስጥ 1 ግራም ሱክሮስ አለ ማለት ሲሆን፣ ትርጉሙ በትክክል የሚጸናው በውሃው ውስጥ ከሱክሮስ ሌላ ምንም ነገር ሳይሟሟ ሲቀር ብቻ ነው። አሲድም፣ ጨውም፣ ፔክቲንም ብርሃን ይሰብራሉ። የሎሚ ጭማቂ ከ7 እስከ 9 ብሪክስ ሊያሳይ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ግን የስኳር ሳይሆን የሲትሪክ አሲድ ነው። ስለዚህ ለፍራፍሬ ጭማቂ ውጤቱ «የሟሙ ጠጣሮች ድምር፣ በብሪክስ» ተብሎ ቢጻፍ እውነቱን ይናገራል፤ የግሉኮስ፣ የፍሩክቶስና የሱክሮስ ድርሻ ለየብቻ ከተፈለገ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ይህ ስህተት ጎልቶ የሚታየው በጠጅ ላይ ነው። ብርዙ ገና ጌሾ ሳይገባበትና ሳይፈላ ቢለካ ቁጥሩ ለእውነቱ ቅርብ ነው። መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ አልኮል ደግሞ ከውሃ ይልቅ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚሰብር መሣሪያው ያለቀውን ስኳር እንዳለ አስመስሎ ያነባል። በ22 ብሪክስ የተጀመረ ብርዝ ስኳሩ እስከ መጨረሻው ፈልቶ ቢያልቅ እንኳ ሪፍራክቶሜትሩ 7 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ቁጥር ይዞ «ጠጁ ገና 7 በመቶ ስኳር አለው» ብሎ መደምደም ለጠጅ ጣዩም ለጠጪውም የተሳሳተ መረጃ መስጠት ነው። መፍትሔው የፈላውን መጠጥ በሃይድሮሜትርም (የፈሳሽን ጥግግት በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ ሁለቱን ንባቦች በስሌት ማገናኘት፣ ወይም አልኮሉን በእሳት በማትነን አስወግዶ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ወደ ቀድሞ ክብደቱ መልሶ መለካት ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ጉዳይ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህን ችላ ማለት ያስከፍላል። የጣና ዳር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ግን ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። የብሪክስ ሠንጠረዥ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው፤ ማስተካከያ ካልተደረገ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ ንባቡ ከ0.06 እስከ 0.08 ብሪክስ ያህል ይቀንሳል። ጠዋት በ20 ዲግሪ የተለካው የማንጎ ጭማቂ ከሰዓት በኋላ በ28 ዲግሪ ቢለካ ከግማሽ ብሪክስ በላይ ይጎድላል፤ ማንጎው ግን አልተለወጠም። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ሙቀቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ይሁንና የሚያስተካክሉት ፕሪዝሙ አጠገብ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ ከፍሪጅ የወጣ ወይም ከምጣድ የወረደ ናሙና ጠብታው እንዳረፈ ቢነበብ ማስተካከያው ራሱ ያሳስታል። ናሙናውን ወደ ክፍሉ ሙቀት ማምጣት፣ ከዚያም ፕሪዝሙ ላይ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው።

ዜሮ ማድረግን ብቻ እንደ ካሊብሬሽን (የመሣሪያውን ትክክለኛነት በታወቀ ናሙና ማረጋገጥ) መቁጠርም ተለምዷል። በተጣራ ውሃ ዜሮ ማድረግ ግዴታ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይተካውም። ነገር ግን በዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ በ60 ላይም ትክክል ነው ማለት አይቻልም። 10 ግራም ንጹሕና ደረቅ ሱክሮስ ከ90 ግራም የተጣራ ውሃ ጋር ማሟሟት 10 ብሪክስ ይሰጣል፤ 60 ግራሙን ከ40 ግራም ውሃ ጋር ማሟሟት ደግሞ 60። ሁለቱንም በጥሩ ሚዛን መዝኖ በዕለቱ ማዘጋጀት ይሻላል፤ በእኛ ሙቀት ቀጭኑ መፍትሔ ቶሎ ይፈላልና።

ማር የራሱ ጣጣ አለው። ማሳያው እስከ 53 ብቻ የሚያነብ መሣሪያ 80 አካባቢ የሚሆነውን ማር ሊለካ ስለማይችል ብዙዎች በውሃ ያቀጥኑታል፤ ሲያቀጥኑ ግን በሚዛን ፈንታ በሲሊንደር ይሰፍራሉ። 10 ሚሊ ሊትር ማር 14 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲቀላቀል ማሩ ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ሳይሆን ወደ 58 በመቶ ይሆናል። ንባቡ 47 ይመጣል፤ በ2 ሲባዛ 94። እንዲህ ያለ ማር የለም። ብሪክስ የክብደት ልኬት ነውና ማቅጠኑም በክብደት ይሁን። የረጋ ማር ደግሞ ቅንጣቶቹ ሳይቀልጡ መለካት የለበትም፤ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ በሞቀ ውሃ ይቀልጣል፣ ሰሙም ይጣራል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ውሃው ይተንና ማሩ ከነበረው የተሻለ መስሎ ይታያል። እርጥበቱን ከ100 ላይ ብሪክሱን በመቀነስ ማግኘትም ስህተት ነው፤ ማር የራሱ የእርጥበት ሠንጠረዥ ስላለው በዚህ ስሌት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል መሳሳት ይመጣል። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ የምግብ መስፈርት ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው የእርጥበት ጣሪያ 20 በመቶ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ጥሩውን ማር ሊያስጥል ይችላል።

የናሙና አወሳሰድን በተመለከተ፣ ሸንኮራ የመጠጠ ሁሉ ከሥሩ በኩል ያለው አንጓ እንደሚጣፍጥና ወደ ጫፉ ውሃ ውሃ እንደሚል ያውቃል፤ አንድ አንጓ ብቻ ጨምቆ የአገዳውን ብሪክስ መጻፍ ስለዚህ አያስኬድም። ጭማቂው በሻሽ ይጣራ፣ አረፋው ይረፍ፤ ፕሪዝሙ ላይ የቀረ የአየር አረፋ ንባቡን ያወላውላል። ናሙናው በፕላስቲክ ፒፔት እንጂ በብረት ማንኪያ አይጨመር፤ ፕሪዝሙ የተጫረ መሣሪያ ወደ ቀድሞ ትክክለኛነቱ መመለሱ ያጠራጥራል።

በመጨረሻ፣ «ሦስት ጊዜ ለካሁ» የሚለው አባባል መመርመር አለበት። በአንድ ጠብታ ላይ ቁልፉን ሦስት ጊዜ መጫን አንድ ልኬት ነው። እንዲያውም ጠብታው ሳይከደን በቆየ ቁጥር ውሃው ስለሚተን ቁጥሩ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሦስት ልኬት ማለት በየመካከሉ ፕሪዝሙን በተጣራ ውሃ አጥቦ፣ በንጹሕ ሶፍት አድርቆ፣ በደንብ ከተነቃነቀው ናሙና ሦስት የተለያዩ ጠብታዎችን ማንበብ ነው፤ ማር ከተለካም በለብ ያለ ውሃ ሁለቴ መታጠብ አለበት።