አይሱዙ ገዝታችሁ ሾፌር ልትቀጥሩ ነው?

ገንዘብ አጠራቅማችሁ፣ ከዘመድም ተበድራችሁ አንድ ኤፍኤስአር የሚባለውን የአይሱዙ የጭነት መኪና ልትገዙ ነው እንበል። መንዳት አትችሉም። ጋራዥ ውስጥ ቆማችሁ አታውቁም። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ይቻላል። ግን መኪናው ከግቢ በወጣ ቁጥር ጥሪታችሁ በሙሉ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ሥራችሁ ከዚያ ሰው ጋር የምትገቡት ስምምነት ነው።

ስለ ግዢው ብዙ አልልም። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደላላው ያመጣውን አትቀበሉ። ሞተሩን ጠዋት፣ ሳይሞቅ አስነሱት። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር እንደሚገጥም ሳታረጋግጡ ቀብድ እንኳ አትስጡ። ውሉ ውልና ማስረጃ ይፈጸም። ያላችሁን ብር ደግሞ መኪናው ላይ አትጨርሱት፤ ለስድስት ጎማና ለአንድ ትልቅ ጥገና የሚበቃ ባንክ ይቀመጥ።

ብዙ አዲስ ባለንብረት የማያውቀው ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እናንተ ምንም ባታጠፉም፣ እንዲነዳው ያልፈቀዳችሁለት ሰው ይዞት ቢሆን እንኳ። ሾፌሩ ደክሞት ለረዳቱ መሪ ቢሰጥና ረዳቱ ሰው ቢገጭ፣ ካሳው የእናንተን በር ነው የሚያንኳኳው። ሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ ግን የሚሸፍነው በሌላው ሰው ላይ የደረሰውን ነው፣ ያውም እስከተወሰነ መጠን። የራሳችሁ መኪና ቢገለበጥ አያነሳላችሁም። በብድር የተገዛ መኪና በሦስተኛ ወገን ብቻ መንገድ ሲወጣ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። እባካችሁ ሙሉ ሽፋን ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ሾፌሩ። መንጃ ፈቃዱን አይቶ መመለስ አይበቃም። ለደረቅ ጭነት መሆኑን፣ ደረጃው ከእናንተ መኪና ጋር መግጠሙን፣ መታደሱን እዩ፤ ከዚያ የሰጠው ቢሮ ጋ ትክክለኛነቱን አጣሩ። ደረጃው ካልገጠመ አደጋ በደረሰ ጊዜ መድን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ቀድሞ የሠራላቸውን ሁለት ባለንብረቶች ፈልጉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዛሬ ቢመጣ መኪናህን ትሰጠዋለህ?» ቶሎ «አዎ» ካላሉ ተዉት።

መሪ ላይም ይፈተን። እኔ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ መካኒኬን ጎኑ አስቀምጬ አባይ በረሃ እልከው ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጥሩ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይይዘዋል፣ ፍሬኑን ይቆጥባል። መንገዱን ሙሉ ፍሬን ላይ የቆመውን ሰው ግን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያጋልጠዋል። ሌላ ረጅም ቁልቁለትም ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ ዞሮ መመለስ ግን ምንም አያሳያችሁም።

ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚያስፈርመው ወረቀት ግን ፍርድ ቤት አይቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። «ለሚጠፋው ንብረት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚለው ባዶ ወረቀት ነው። ብሩን በአኃዝም በፊደልም አስጽፉ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ።

ደመወዝ ላይ የሠራሁት ስህተት ብዙ አስከፍሎኛል። የመጀመሪያ ሾፌሬን ከገበያው በታች ቀጠርኩት፣ አበሉንም «ስትመለስ እንተሳሰባለን» አልኩት። ናፍጣ እየቀዳ ሸጠ። ተናድጄ አባረርኩት። ሁለተኛውም ያንኑ አደረገ፣ እና ያኔ ነው የገባኝ፦ ለምግብና ለአልጋ የሚሆነውን ሳልሰጥ ሰውን ሦስት ቀን መንገድ ላይ እያሳደርኩ ነበር። ደመወዙ ቀኑን ጠብቆ ይግባለት። አበሉ ከመነሳቱ በፊት፣ በቀን ተቆጥሮ ይሰጠው፤ ማራገፊያ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የሚውልበትም ቀን ይቆጠር። «በወር ይህን ያህል አምጣልኝ፣ የተረፈው የራስህ» የሚለውን አሠራር እኔ አልመክርም። ሾፌሩ ትርፉን ከእንቅልፉና ከመኪናው ነው የሚያወጣው፤ ሌሊት ይነዳል፣ እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይቅማል፣ ሊብሬው ከሚለው ኩንታል በላይ ይጭናል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ እሱም መጻፍ አለበት። ጡረታም አለ፤ 11 በመቶ ከእናንተ፣ 7 በመቶ ከደመወዙ። መንገዱ ሰላም አይደለም ካለ መመለስ እንደሚችልም ጻፉለት። ጭነት ይተካል።

ናፍጣን በጥርጣሬ ሳይሆን በሂሳብ ተከታተሉ። ሲነሳ ታንከሩ ሙሉ ይሁን፣ ሲመለስም ይሞላ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ ይላክ። 600 ኪሎ ሜትር ሄዶ 150 ሊትር ከቀዳ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሐዋሳና ደሴ አንድ መንገድ ስላልሆኑ ለየብቻ መዝግቡ፤ አምስት ስድስት ጉዞ ሲሞላችሁ የመኪናችሁን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ቁጥሩ ድንገት ከወረደ ግን «ሰረቅኸኝ» ብላችሁ አትነሱ። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሊሆን ይችላል፣ ፍሬን ይዞት ወይም የጎማ ንፋስ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጋራዥ።

የጎማውንና የባትሪውን ቁጥር መዝግቡ፣ ስኮርታውን (ተለዋጭ ጎማውን) እና ክሪኩንም ጨምሩ፣ ርክክቡ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ። በኋላ ያላጠፋው ነገር ሲጠየቅ ሾፌሩም የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል። ዘይት መቀየሪያው ሲደርስ ደግሞ ምንም ያህል ጥሩ ጭነት ቢመጣ መኪናው ይቁም። እኔ አንዴ «ይቺን ብቻ ያድርስ» ብዬ ሞተሩ ነከሰ (ተጣብቆ ቆመ)፣ ሁለት ወር ጋራዥ ከረመ፣ የባንኩ ክፍያ ግን አልቆመም።

የመጀመሪያውን ጉዞ አብራችሁ ሂዱ፣ ሾፌሩን ለመጠበቅ ሳይሆን መንገዱን ለማወቅ። የት ናፍጣ እንደሚቀዳ፣ የት እንደሚያድር፣ አልጋ ስንት እንደሆነ፣ ለጫኝና አውራጅ ምን እንደሚከፈል በዓይናችሁ እዩ። ደብተር ያዙና ጻፉት። የሚቀጥለውን ጉዞ አበል በዚያ ደብተር አስሉት።