የአደን ውሻ ዕድሜ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሮ የአደን ውሻ ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው አያቴ ሠፈር ከርከሮ ሲያባርር የነበረው ከሲታ ውሻ ነው። ማንም አላሠለጠነውም፣ ዕድሜውንም የቆጠረለት የለም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከመጣሁ በኋላ ግን ነገሩ ያዘኝና ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሻ ገዛሁ። ተመትቶ የወደቀ ዳክዬና ፌዛንት በአፉ የሚያመጣ ነው (ፌዛንት ቆቅን የሚያስታውስ፣ ረጅም ጭራ ያለው ወፍ ነው)። በቀለሙ ዳማ አልኩት። አሁን 11 ዓመቱ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን የሠራሁት እሱ ላይ ስለሆነ እንደ አዋቂ አትዩኝ።

በሰባት ማባዛት። የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ነው የሚባለውን እርሱት። ውሻ መጀመሪያ ላይ ተፈትልኮ ያድግና ከዚያ ይረጋጋል። አንድ ዓመት የሞላው ውሻ በግምት እንደ 15 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ሁለት ሲሞላው 24 አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ በየዓመቱ አራት አምስት ይጨምራል። ትልልቅ ዝርያዎች ሲያረጁ ደግሞ ይፈጥናሉ። በሰባት የሚያባዛ ሰው የአንድ ዓመት ውሻውን እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ያየዋል። ውሻው ግን ጎረምሳ ነው፤ ስሙን ትጠሩታላችሁ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ሥልጠናው ከንቱ ሆኖ አይደለም፣ ዕድሜው ነው።

ቡችላን ማስሮጥ። ይሄ የኔ ትልቁ ጥፋት ነው። ዳማ ገና አምስት ወሩ እያለ ከብስክሌት ጎን አስፋልት ላይ አስሮጠው ነበር፣ ጠንካራ ይሁንልኝ ብዬ። የቡችላ አጥንት ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ ማደጊያ አለው። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይሄ የሚደፈነው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ በጠንካራ መሬት ላይ ረጅም ሩጫና ከፒክአፕ ላይ መዝለል ይጎዳዋል። በራሱ ሣር ላይ ሲቦርቅ ችግር የለም፤ ሲደክመው ይተኛል። እኛ ስናስሮጠው ግን ለኛ ብሎ አያቆምም። ዳማ ዓመት ተኩል ሲሆነው በግራ እጁ ማነከስ ጀመረ። ሐኪሙ የክርኑን ራጅ እያሳየኝ "ከዘርም ሊመጣ ይችላል" አለኝ፤ እኔ ግን ያን ብስክሌት እስካሁን አልረሳውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

ስለ መገጣጠሚያ ካነሳን፣ ለማኮላሸትም አትቸኩሉ። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያጠናቸው ጎልደን ሪትሪቨር የሚባሉ ዝርያ ውሾች ላይ፣ ዓመት ሳይሞላቸው የተኮላሹት የመገጣጠሚያ ችግር በብዛት ታይቶባቸዋል። ጊዜውን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

"ተኩስ ይልመድ" ብሎ ተኩስ ቦታ መውሰድ። በጭራሽ። አንዴ የደነገጠ ውሻን መመለስ ከባድ ነው። ወፍ እያሯሯጠ ልቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ከሩቅ ትንሽ ድምፅ ይስማ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ጥርስ ሲቀይር ደግሞ ዕቃ ከአፉ አትጎትቱ። ያመዋል፣ ማምጣትንም ከሕመም ጋር ያያይዘዋል።

በመጀመሪያው የአደን ወቅት መፍረድ። "ይሄ አይረባም" ተብለው በሁለት ዓመታቸው የተሸጡ ውሾች አውቃለሁ። አይገርምም? እግሩ ገና ሳይጠነክር፣ ወፉን ገና ሳያውቅ! አብዛኛው የአደን ውሻ ጥሩ ጊዜው ከሦስት እስከ ሰባት ባለው ውስጥ ነው፤ የወጣት እግርና የበሰለ ጭንቅላት አንድ ላይ የሚገናኙት ያኔ ነው። ዳማ በሁለት ዓመቱ ሽታ ባገኘ ቁጥር በቀጥታ ይወረወር ነበር። ፌዛንት ደግሞ ከመብረር መሮጥ ይቀናዋልና በእግሩ ያመልጠው ነበር። በአምስት ዓመቱ መጀመሪያ ነፋሱን ያነፈንፋል፣ ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊቱ ይጠብቀዋል። እኔ አላስተማርኩትም፣ ወፎቹ ናቸው ያስተማሩት። እነዚህን ዓመታት ግን በሶፋ ላይ አታባክኗቸው። የዚህን አገር በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ተኝቶ ያሳለፈ ውሻ ጥቅምት ላይ ቀኑን ሙሉ ሩጥ ሲባል ይጎዳል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድማችሁ አለማምዱት።

ማወፈር። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ጥፋተኞች ነን፤ እንግዳ ሁሉ ሳያጎርሰው አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል። ከአቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ዕድሜያቸው በመካከለኛ ልኬት 13 ዓመት ሲሆን፣ የሌሎቹ 11.2 ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። የጎድን አጥንቱን በእጃችሁ በቀላሉ ካላገኛችሁ ወፍሯል ማለት ነው። ወጥ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ።

እርጅናውን ስንፍና ማለት። ዳማ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ፊሽካ ስነፋ መምጣት ተወ። ተቆጣሁት። ለካ አልሰማኝም ነበር! ስለዚህ ገና በጉልበቱ እያለ የእጅ ምልክት አስተምሩት። ዓይኑ ሰማያዊ ግራጫ ሲሆን ሁልጊዜ ሞራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌንሱ በዕድሜ ስለጠጠረ ነው፣ ሐኪም ይለየዋል። ማነከሱንም ሁሉ በዕድሜ አታሳቡ። እዚህ አካባቢ መዥገር "ላይም" (Lyme) የሚባለውን መገጣጠሚያ የሚያሳምም በሽታ ያመጣል፣ በደም ምርመራ ይታወቃል። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ግን በምንም ተአምር አትስጡት፣ ሊገድለው ይችላል። ለውሻ የተሠራ ማስታገሻ አለ።

ተተኪውን ማዘግየት። ትልቁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ቡችላ ብታመጡ ሁለቱ አብረው ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። እኔ አሥር እስኪሞላው ቆየሁ። ትዕግሥቱ አልቆ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቡችላውን ሲያጉረመርምበት ነው የከረመው።

አሁን ጠዋት ከትንሹ ጋር እወጣለሁ። ዳማን የማወርደው በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በመወጣጫ፣ በደረቅ ሜዳ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጌ። አፍንጫው አላረጀም። ትንሹ መኪና ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል።