ዱባን ሳይታገሉ መቁረጥ

ዱባ ወጥ የሚወድ ብዙ ሰው ሙሉ ዱባ ገዝቶ ቤቱ አይገባም። መቁረጡን ይፈራዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። አንድ ጊዜ ዱባ ተንሸራቶብኝ አውራ ጣቴን ክፉኛ ቆርጦኛል። ያኔ ችግሩ የልጣጩ ጥንካሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ጣቴን ያስቆረጠኝ ክብነቱ ነው። ዱባው እንዳይንከባለል ካደረጋችሁ ትልቁ ሥራ አልቋል።

ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ለመጠኑ ከበድ የሚለውን ምረጡ። ልጣጩን በጥፍር ጫን በሉት። ጥፍር ከገባ ገና አልበሰለም። ከሐረጉ ጋር ያያዘው እንጨትም ደረቅ መሆን አለበት።

ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ እጠቡት፤ ብትልጡትም እጠቡት። ቢላው የልጣጩን አፈር ይዞ ወደ ሥጋው ይገባልና። ከዚያ በደንብ አድርቁት። እርጥብ ዱባ ያንሸራትታል። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፤ መክተፊያው ቦታውን አይለቅም።

አሁን ትልቅና ስለታም ቢላ ያዙ። የደነዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ ቢላው ያመልጣል። እንጨቱን ለመቁረጥ አትሞክሩ፣ ከጎኑ ጀምሩ። የቢላውን ጫፍ አስገቡና እጀታውን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ተጫኑ። አንዱን ጎን እስከ ታች ከሰነጠቃችሁ በኋላ ዱባውን አዙሩና ሌላውን ጎን ቀጥሉ። የሚይዘው እጃችሁ ከቢላው መንገድ ፊት ለፊት አይሁን። ቢላው ከተቀረቀረ አትወዝውዙት፤ ዱባውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት።

በጣም ከጠነከረባችሁና ኦቨን ካላችሁ፣ ልጣጩን በቢላ ጫፍ ጥቂት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጉና በ180 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል አስገቡት። ይለሰልሳል። ካልተወጋ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል።

ለሁለት ሲከፈል ፍሬውንና ክር ክር የሚለውን አንጀቱን በማንኪያ ፋቁ። ፍሬውን አትጣሉት። ግማሹን በተቆረጠው በኩል ደፍታችሁ እንደ ጨረቃ እየቆረጣችሁ ሸንሽኑት። ሽንሽኑን አጋድማችሁ ልጣጩን ከላይ ወደ ታች ላጡ። ሙሉውን ዱባ በእጅ ይዞ ከመላጥ ይህ በጣም ይሻላል። የዱባው ፈሳሽ እጅ ላይ ሲደርቅ ቆዳን ጭምድድ ያደርጋል፤ ቀድማችሁ ትንሽ ዘይት ተቀቡ።

ለወጥ ከሆነ 3 ሴንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ ክተፉት። ካነሰ ይፈርሳል። ለ1 ኪሎ ዱባ መጀመሪያ ቁሌቱን በሽንኩርት፣ በዘይት፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት በደንብ አብስሉ። ዱባው መጨረሻ ይገባል። ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ጨው ጨምሩ፣ ከድኑት፣ አታማስሉት፤ ድስቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ጣፋጭነቱ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ፣ ለጾም እንዲህ ያለ ወጥ የለም እላለሁ። ያልተከተፈውን ፍሬውን አውጥታችሁ፣ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ካስቀመጣችሁት አራት አምስት ቀን ይቆያል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ልጆቻችሁ ዱባ እንቅረጽ ይሏችኋል። ኦክቶበር 31 ሃሎዊን የሚባለው፣ ዱባ ተቀርጾ ውስጡ መብራት የሚደረግበት በዓል ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ለቅርጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ሥጋው ስስና ውሃማ ነው፤ ለወጥ አይሆንም። ለወጥ ባተርነት ወይም ካቦቻ የሚባሉትን የዱባ ዓይነቶች ግዙ። ለቅርጹ ክዳኑን ስትቆርጡ ቢላውን ወደ ውስጥ አጋድሉት፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። መልኩን በእስክሪብቶ ሳሉ፤ በትንሿ ባለጥርስ መጋዝ ከትንንሾቹ ቅርጾች ጀምራችሁ ቁረጡ። ልጆች ይሳሉ፣ ፍሬ ይፋቁ፤ መቁረጡን ለአዋቂ ተዉት። ውስጡም በሻማ ፋንታ በባትሪ የሚሠራ መብራት አድርጉ።

ከሁለቱም ዱባ ፍሬው ይተርፋል። እጠቡት፣ ጨው ባለበት ውሃ ነከር አድርጋችሁ አጥሉት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ ምጣድ ላይ በዝግተኛ እሳት እያመሳችሁ፣ መንጣጣት ሲጀምርና ቀላ ሲል አውርዱት። ቡና ሲፈላ ከቆሎው ጋር ይቅረብ።