መኪና በማይገባበት መንገድ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጫካ በብስክሌት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የመኪና ጥሩንባ በማይሰማበት መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌን ልሳነ ምድር ያስብ። ክረምቱ አፈሩን ስለሚያጨቀየው፣ ጉዞውን ከጥቅምት ጀምሮ ማድረግ ይበጃል፤ የመንገዱንም ደኅንነት በዋዜማው የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አይዘንጋ።

እኔ የምመርጠው ብስክሌቱን በጀልባ ጭኖ ጣናን በመሻገር ዘጌ ላይ መውረድን ነው። ከዚያ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው የእግር መንገድ ጥቅጥቅ ባለ የቡና ጫካ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በቀትር እንኳ ጥላ አይታጣም። ሆኖም ድንጋይና የዛፍ ሥር የሚበዛበት በመሆኑ፣ የጎማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስ፣ ቁልቁለት ላይም የፊቱን ፍሬን በድንገት ከመያዝ ይልቅ የኋላውን አስቀድሞ በዝግታ መጫን ያስፈልጋል። መንገዱ በመጀመሪያ የእግረኛ ነውና፣ መነኩሴ ወይም እንጨት የተሸከመች እናት ስትመጣ ወርዶ ማሳለፍ ተገቢ ነው፤ ይህን ቸል የሚል ሰው ባይሄድ ይሻላል። መለዋወጫ ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ማስቲሽና መንፊያ በቦርሳ ይያዙ፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል።

ጊዜ ያጠረው በዓባይ ዳር ወዳለው ቤዛዊት ኮረብታ ሊወጣ ይችላል። ጉማሬዎች ሲመሽ ለግጦሽ ከወንዙ ስለሚወጡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ግድ ነው።