ከባሕር ማዶ የመጣ የአስከሬን አመድ ሲቀበር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሙታኑን አፈር ያለብሳል እንጂ አያቃጥልም። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚኖሩ ልጆቻችን መካከል አንዳንዱ በትዳር ጓደኛው ውሳኔ፣ አንዳንዱ አስከሬን ለመላክ የሚጠየቀው ወጪ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሆኖ፣ አንዳንዱም ራሱ ተናዝዞ አስከሬኑ ይቃጠልና አመዱ ብቻ ወደ አገር የሚገባበት ጊዜ አለ። ደሴ ውስጥ በአንድ ኀዘን ቤት፣ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለች አነስተኛ ሣጥን የት እንደምታርፍ ዘመድ መስማማት አቅቶት ለወራት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጣ አይቻለሁ። እናትየው ሣጥኗን ጭናቸው ላይ አድርገው «ልጄ ይችን አክሎ መጣ?» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የስህተቶች ሁሉ መነሻ አመዱ ከመጣ በኋላ ቦታ መፈለግ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚያውቀው ሥጋን በክብር መቅበርን ነው፤ በእስልምናም አስከሬን ማቃጠል የተከለከለ ነው። ስለዚህ ፍትሐት ይደረጋል ወይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ቦታ ይሰጣል ወይ የሚለውን የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የሙስሊሙን ጉዳይ ደግሞ የመስጊዱ ኢማም እንጂ ቤተሰብ በግምት አይወስነውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ማቃጠልን ብትፈቅድም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው መመሪያ አመዱ በተቀደሰ ስፍራ እንዲያርፍ፣ እንዳይበተንና ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ ያዝዛል። ቅሬውም፣ ማለትም የአካባቢው የቀብር መረዳጃ ዕድር፣ አይዘንጋ። የቅሬ ደንብ የሚናገረው ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ስለ ቃሬዛ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ንፍሮ ነውና፣ ሣጥን ብቻ ሲመጣ ሕዝቡ ይጠራ እንደሆነና እንዴት እንደሚሸኝ ከቅሬው ዳኛ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት በጉዞ ላይ የሚፈጸም ነው። ለክብር ሲባል የሚገዛ የብረት ወይም የእብነ በረድ ማሰሮ በአውሮፕላን ማረፊያ የኤክስሬይ መፈተሻ ውስጡ ስለማይታይ ተጓዡን ለችግር ይዳርጋል፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን የተሻለ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱና የማቃጠያ ተቋሙ የሰጠው ማረጋገጫ ከሣጥኑ ጋር በእጅ ይያዙ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። አየር መንገዶች ደንባቸው ስለሚለያይ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ይገባል።

የጉድጓዱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የአንድ አዋቂ ሰው አመድ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሙሉ መቃብር አያስፈልገውም፤ በውጭ አገር መካነ መቃብሮችም በአንድ የቤተሰብ መቃብር ላይ ተጨማሪ ሣጥን ማሳረፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው ተብሎ በጥልቀቱ መሳሳት አይገባም። በአካባቢያችን ዋልካ አፈር በበጋ በሰፊው ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ተዳፋት ላይ ያለውንም የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ይጠርገዋል። ስለዚህ ጥልቅ አድርጎ መቆፈር፣ ሲሚንቶውንም አፈሩ እስኪረጋ ክረምቱን አሳልፎ ማፍሰስ ይበጃል። የአባት ወይም የአያት መቃብር ላይ ለመጨመር ከታሰበ ደግሞ ከሌሎቹ ወራሾች ስምምነት ሳያገኙ አፈር መንካት፣ ኀዘኑ ላይ ጠብ መጨመር ነው።

በመካነ መቃብር ግድግዳ ላይ በተሠሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አመድ ማኖር በውጭ አገር የተስፋፋ አማራጭ ነው። አመዱ እዚያው እንዲቀር የወሰነ ቤተሰብ ውሉን ሳያነብ መፈረሙ ግን ያስጸጽታል፤ ብዙዎቹ ቦታዎች ለተወሰኑ ዓመታት የሚከራዩ በመሆናቸው ውሉ ሳይታደስ ሲቀር አመዱ ሊነሣ ይችላል። አስከሬንን በግድግዳ ውስጥ ማኖር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ፣ በአለቱ ግድግዳ በተፈለፈሉ ዋሻዎች ያረፉ የጥንት ሰዎች ቅሪት ዛሬም ይታያል። ሆኖም ያ አስከሬን ሳይቃጠል ያረፈበት ስለሆነ ለአሁኑ ጉዳይ ማስረጃ አድርጎ ለአስተዳዳሪው ማቅረብ አያዋጣም።

ሐይቅ ላይ ወይም የልጅነት መንደሩ ተራራ ላይ መበተንንም እንደ ቀላል መፍትሔ የሚያዩ አሉ። የተበተነ አይሰበሰብም፤ ተዝካር የሚያወጣ፣ በዒድ ዱዓ የሚያደርግ ዘመድ የሚቆምበት ቦታ ያጣል። ከችግኝ ሥር መድፋትም እንደዚሁ ነው፤ አመዱ ከአጥንት የቀረ ማዕድን በመሆኑ ጨውነቱና አልካሊነቱ ከፍተኛ ነው፤ ብቻውን ሲደፋ ለጋውን ችግኝ ሊያደርቀው ይችላል።

በመጨረሻም የሐውልቱ ጽሑፍ አለ። በውጭ ምስክር ወረቀት ላይ «ማርች 3 ቀን 2021» የተባለውን እንዳለ ገልብጦ «2021 ዓ.ም.» ብሎ ማስቀረጽ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሟች ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙ ከዓለም ስሙ ጎን ይጻፍ፤ ካህኑ በጸሎት የሚጠራው በዚያ ስም ነውና፣ በእጅዎ ያለውን ወረቀት ለቀራጩ ከመስጠትዎ በፊት እናቱን ይጠይቁ።